ቀለህ መልሶ ለሚሞላ ሰው የሚበረክተው ፕሬስ

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ከሚያድኑና በዒላማ ተኩስ ከሚወዳደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ቀለህ አይጥሉም። ተኩሰው ሲጨርሱ ከመሬት ይለቅሙታል፣ ቤት ወስደው ያጸዱታል፣ አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ሰጥተው መልሰው ጥይት ያደርጉታል። ከጥይቱ አራት ክፍሎች ሦስቱ አንዴ ከተተኮሱ የሉም፤ ከናስ የሚሠራው ቀለህ ግን በአግባቡ ከተያዘ ደጋግሞ ያገለግላል። ጥይት ዋጋ እንዳለው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያሻም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ በአገራችን ገበያዎች ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ፕሬሱ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ስለሚታሰረው፣ በእጀታ ስለሚሠራው መጭመቂያ። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዕድሜ ልኬን የሚያገለግለኝ የቱ ነው? የተለመደው መልስ በኪሎ የሚለካ ነው፤ ብረቱ የወፈረና ለማንሳት የሚከብድ ፕሬስ ይበረክታል ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ክብደት የራሱ ጥቅም አለው። ቤት ውስጥ የሚሠራበትን ፕሬስ የሚገድለው ግን ከጉልበት ይልቅ ቆሻሻ ነው። ፕሬስን ከፕሬስ የምለይበትም ዋናው ነጥብ ቆሻሻው የት ይሄዳል የሚለው ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ፕሬሱ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ማየት ይበቃል። ጥይት ሲተኮስ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ቀለሁን እየነፋ ከጠመንጃው ጎሬ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ግፊት በጠመንጃና በሽጉጥ መካከል በእጅጉ ይለያያል። የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ባወጣው ደረጃ የ45 ኤሲፒ ሽጉጥ ጥይት ጣሪያ 21,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ሲሆን፣ የ308 ዊንቸስተር 62,000፣ የ300 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ 64,000 ይደርሳል። በዚያ ላይ የጠመንጃ ቀለህ ረጅም ነው፤ ትከሻና አንገትም አለው። ያበጠውን ናስ ወደ ቀድሞ ልኩ ለመመለስ ዳይ በሚባል የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገብቶ መጭመቅ ያስፈልጋል። ፕሬሱ ከባድ ጉልበት የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የቆየውን መለኮሻ ገፍቶ ማስወጣትም ሆነ አረሩን በመጨረሻ አንገቱ ውስጥ መትከል ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ጉልበቱ የሚመጣውም ከሰውየው ክንድ ብቻ አይደለም። እጀታው ቀለሁን ወደ ዳዩ ከሚገፋው ዘንግ ጋር የሚገናኝበት የክንዶች አሠራር ዘንጉ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ኃይሉን እያባዛው ይሄዳል፤ የመጨረሻዋ ትንሽ እርምጃ ላይ በአንድ እጅ የተጫነው ኃይል እጅግ ብዙ እጥፍ ሆኖ ናሱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ደህና ተደርጎ የተሠራ ፕሬስ ሁሉ የጠመንጃ ቀለህ ለመጭመቅ የሚበቃ ጉልበት አለው። ቀለሁ ዳይ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ማለስለሻ ቅባቱ ስላነሰ እንጂ ፕሬሱ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

አካሉን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ቅርጽ አለ። የመጀመሪያው ፊቱ ክፍት የሆነው፣ በላቲኑ ሲ ፊደል የሚመሰለው ነው። እጅ ማስገባት ያመቻል፤ ነገር ግን ጫና ሲበዛበት አፉ በጥቂቱ ይከፈታል፤ ያኔ ዳዩና ዘንጉ ከአንድ መስመር ይወጣሉ። ሊ ፕሪሲዥን የሚሠራው ሪሎደር የተባለ ትንሽ የአሉሚኒየም ፕሬስ ከዚህ ወገን ነው። ሬዲንግ የሚሠራው አልትራማግም ፊቱ ክፍት ነው፤ ክንዶቹ ከአካሉ ራስ ጋር ስለሚያያዙ ግን ጫናው አፉን አይከፍተውም። የቅርጹን ድክመት በብልሃት የፈታ ሥራ ነው። ሁለተኛው ዙሪያውን የተዘጋው፣ የኦ ቅርጽ ያለው ነው፤ ጫናው በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚከፋፈል ለጠመንጃ ጥይት የሚመረጠው ይህ ነው። ሦስተኛው ራሱና እግሩ በምሰሶዎች የተያያዘ ዓይነት ነው፤ በቤት ሥራ ብዙም አይታይም።

የሚሠራበት ብረትም ለውጥ ያመጣል። ካስት አይረን የምንለው፣ በሻጋታ የሚፈሰው ብረት፣ በውስጡ ግራፋይት አለው። ግራፋይቱ የብረት ዘንግ ሲሄድበትና ሲመጣበት እንደ ደረቅ ማለስለሻ ያገለግላል፣ ንዝረትንም ያበርዳል። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ዘንጉ የሚመላለስበት ቀዳዳ ግን ቆሻሻ ከገባበት ቶሎ ይሰፋል። ሊ ቻሌንጀር የሚለውን የአሉሚኒየም ፕሬስ ገዝቶ በዓመት ጥቂት መቶ ጥይት የሚሞላ አዳኝ ሊጸጸት አይገባም። በየወሩ ብዙ ለሚሞላ ሰው ግን ካስት አይረኑን እመክራለሁ። የዋጋ ልዩነቱ ከሁለት ሦስት ፓኮ የፋብሪካ ጥይት ዋጋ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ መለኮሻ፣ ፕራይመር የምትባለው፣ በተለመደው አሠራር የእርሳስ ስታይፍኔት፣ ባሪየም ናይትሬትና አንቲሞኒ ሰልፋይድ የተቀላቀለባት ናት። ስትፈነዳ ግራጫ ጥቁር ብናኝ ትተዋለች። ያገለገለች መለኮሻ ከቀለሁ ተገፍታ ስትወጣ ይህ ብናኝ አብሯት ይረግፋል። ብናኙ ሻካራ ነው። ዘንጉ ላይ ካረፈ በዘይት ተለውሶ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ዘንጉ በተመላለሰ ቁጥርም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ይፍቃቸዋል። መጀመሪያ ዘንጉ ይላወሳል፤ ቀጥሎ ዳዩና ዘንጉ በአንድ መስመር መቆማቸው ይቀራል፤ ከዚያም አረሩ ጠመም ብሎ መተከል ይጀምራል። ሰውየውም ጥፋቱን ከዳዩ፣ ከአረሩ፣ ከጠመንጃው ይፈልጋል።

እንግዲህ አምራቾቹ ይህን ብናኝ እንዴት እንደያዙት ማየት የፕሬሱን ዕድሜ ለመገመት ክብደቱን ከመጠየቅ ይሻላል። አርሲቢኤስ የሚሠራው ሮክ ቸከር በአሜሪካ የቤት ውስጥ ጥይት ሞሊዎች ዘንድ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ፕሬስ ነው። አካሉ ካስት አይረን፣ ዘንጉ ባለ 1 ኢንች ነው። ብዙዎች ከአባታቸው የወረሱትን ዛሬም ይሠሩበታል። ሱፕሪም የሚባለው የቅርብ ትውልዱ ግን ያገለገለችውን መለኮሻ በዘንጉ ፊት ባለ ክፍተት አስወጥቶ ከፊቱ ወደ ተሰካ የፕላስቲክ መያዣ ይጥላታል። አንዳንዷ ወለል ላይ ትበተናለች። ከሁሉ የሚከፋው ብናኙ ዘንጉ ላይ መቅረቱ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ስመ ጥር ፕሬስ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ኩባንያው ራሱ ሬብል ብሎ ባወጣው አዲስ ፕሬስ ይህን አሠራር ትቶ መለኮሻዋ በዘንጉ መሐል ወደ ታች እንድትወርድ አድርጓል።

ዊስኮንሲን ግዛት ሃርትፎርድ የሚገኘው ሊ ፕሪሲዥን ክላሲክ ካስት በተባለው ፕሬሱ በዚህ ረገድ ቀድሞ ተገኝቷል። ዘንጉ ክፍት ቧንቧ ነው፤ መለኮሻዋና አብዛኛው ብናኝ በመሐሉ ወርደው ከሥር በተሰካ የፕላስቲክ ቱቦ ይጠራቀማሉ። ዘንጉ 1 ኢንች ከ1/8 ውፍረት አለው፤ ከሮክ ቸከሩም ይበልጣል። አካሉ ካስት አይረን ነው፤ ግዙፉን የ50 ቢኤምጂ ቀለህ ለመሙላትም በቂ ቦታ አለው። ዋጋው ግን ከእኩዮቹ ዝቅ ያለ ነው። ሊ ርካሽ ዕቃ በመሥራት ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ይህን ፕሬስ ሳያየው ያልፈዋል፤ ያሳዝናል። ገጽታው ሸካራ፣ እጀታውም ሲያዩት ተራ ቢሆንም ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። የኒው ዮርኩ ሬዲንግም ቢግ ቦስ 2 በሚለው ፕሬሱ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል፤ አጨራረሱ ከሊ ይጸዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ከሁሉ የተለየው የፎርስተር ኮ አክስ ነው። መጀመሪያ ቦናንዛ የሚባል ኩባንያ ያወጣው ሲሆን ኋላ ላይ ኢሊኖይ ያለው ፎርስተር ወርሶታል። በአንድ ወፍራም ዘንግ ፋንታ በሁለት ቋሚ ዘንጎች ላይ ይንሸራተታል። ዳዩን እንደ ሌሎቹ በጥርስ አሥሮ ማጥበቅ የለም፤ በመያዣ ቀለበቱ ከፊት ወደ ጎድጓዳው ይገፉታል፣ ሲበቃ ስበው ያወጡታል። ቀለሁን የሚይዙት መንጋጋዎችም አይጠብቁም፤ በጥቂቱ ወዲያ ወዲህ ስለሚሉ ቀለሁ ወደ ዳዩ ሲገባ መሐሉን ራሱ ያገኛል። ያገለገለችው መለኮሻ በቱቦ ቀጥ ብላ ወደ ጠርሙስ ትወርዳለች፤ ብናኝ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች የሚነካበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። እጀታው ከላይ መሐል ላይ ስለሚቆም ለግራኝም ለቀኝ እጅም እኩል ይመቻል። ዋጋው ከካስት አይረኖቹ ዕጥፍ ገደማ ነው። ብርቱ የዒላማ ተወዳዳሪ ከሆኑና ገንዘቡ ካለዎት ይህን ምርጫ የሚነቅፍ ሰው አይኖርም። ሜክ የተባለው የዊስኮንሲን ኩባንያ ማርክስማን ብሎ ያወጣው ፕሬስም ቀለሁን ልል አድርጎ የመያዙን ሐሳብ በኦ ቅርጽ አካል ላይ አምጥቶታል።

ከዚህ በላይ መክፈል የሚሻ ሰው ኤሪያ 419 የሚሠራውን ዜሮ ፕሬስ ያገኛል። ዋጋው ከ1,000 ዶላር ያልፋል። በማሽን ተቀርጾ የተሠራ ውብ ዕቃ ነው። የተከፈለበት ገንዘብ ግን በአብዛኛው የሚገዛው ልስላሴንና ትክክለኛነትን ነው። ለመበርከት ብቻ ከሆነ አምስት ዕጥፍ ገንዘብ አምስት ዕጥፍ ዕድሜ አይገዛም።

ባለ ተሽከርካሪ ራስና ፕሮግረሲቭ የሚባሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ተሽከርካሪ ራስ ያለው ብዙ ዳይ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ የሬዲንግ ቲ 7 ሰባት፣ የላይማን ብራስ ስሚዝ ደግሞ ስምንት። ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚሽከረከረው ራስ ግን በጫና ጊዜ ትንሽ ብድግ ስለሚል ከነጠላው አካል እኩል አይጠነክርም። ፕሮግረሲቩ እጀታው በተጎተተ ቁጥር ብዙ ሥራ በአንዴ ይሠራል። የአሪዞናው ዲሎን ፕሪሲዥን በዚህ ስሙ የገነነ ነው፤ በተለይ 550 ለተባለው ማሽኑ የሚሰጠው የዕድሜ ልክ ዋስትና አንጋፋ ተጠቃሚዎችን አስደስቷል። በሺሕ የሚቆጠር የ223 ረሚንግተን ጥይት ለሚተኩስ ሰው ይህ ማሽን ተገቢ ነው። ለአጋዘን አዳኝ ግን ብዙ የሚንቀሳቀስ ክፍል ማለት ብዙ የሚያልቅ ክፍል ማለት ነው። ሌላም አደጋ አለ፤ ቀለህ ባሩድ ሳይገባበት ወይም ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ቢያልፍ ሠሪው ላያስተውል ይችላል። አንድ ዳይ ብቻ የሚይዘው ባለ አንድ ደረጃ ፕሬስ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ባሩድ የገባባቸውን ቀለሆች በእንጨት መደርደሪያ ላይ አሰልፎ ሁሉንም በባትሪ ብርሃን ማየት ያስችላል። ጠመንጃና ዓይን የሚያድን ልማድ ነው።

አንድ የማይወራለት ነገር ልጨምር። እነዚህ ፕሬሶች ለአሥርተ ዓመታት ሥራ ላይ የሚቆዩት ብረታቸው ስለበረታ ብቻ አይደለም፤ የዳዩ ጥርስ ልክ ሳይለወጥ ስለቆየም ነው። 7/8 ኢንች ውፍረት፣ በኢንች 14 ጥርስ። የአንዱ ኩባንያ ዳይ በሌላው ፕሬስ ላይ ይገጥማል፣ የዛሬ ዳይም ከአርባ ዓመት በፊት በተሠራ አካል ላይ ይገባል። ቀለህ መያዣውም እንዲሁ በብዛት ተለዋዋጭ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፕሬስ መግዛት ብልህነት ነው፤ ካስት አይረን ሲሆን በተለይ። ስትገዙ ዘንጉን ወደ ላይ አውጡና በጣታችሁ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጉት፤ ጥቂት መላወስ የተለመደ ነው፣ ኳ ኳ የሚል ከሆነ ግን ቀዳዳው ተበልቷል። የክንዶቹን ፒኖች እዩ፤ አካሉ ላይ የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ ካለ ተዉት። ላይ ላዩን የዛገ ግን ዘንጉ ያልተቦረቦረ ፕሬስ በዘይትና በሽቦ ብሩሽ ይድናል።

የአርሲቢኤስን ነገር ካነሣን መነሻው መነገር ያለበት ነው። ፍሬድ ሃንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1943 ካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ ውስጥ በአባቱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጓዳ አረር የሚቀርጽ ዳይ መሥራት ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥሩ አረር ስለጠፋ ነበር። ሮክ ቸክ የሚባለውን የተራራ እንስሳ ለማደን ያዘጋጀው ያ ዳይ ለኩባንያው ስም ሆነ። ጥይት መልሶ መሙላት በአሜሪካ የሚያብበው ዕቃ ሲጠፋ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ባሉት ዓመታት ፕራይመር ከመደብሮች መደርደሪያ ሲጠፋ ፕሬስ ያላቸው ሰዎችም ሥራ ፈትተው ነበር። ይህ ለገዢ የሚሰጠው ትምህርት አለ፤ ገንዘቡን ሁሉ ፕሬሱ ላይ ከማፍሰስ ከፊሉን ለመለኮሻና ለባሩድ ማስቀረት ይሻላል።

ምርጥ ፕሬስም ቢሆን የታሰረበት ጠረጴዛ ከተወዛወዘ ምንም አይፈይድም። ቀጭን ጠረጴዛ ላይ በእንጨት ብሎን የተመታ ፕሬስ በጥቂት ወር ውስጥ ቀዳዳዎቹን ያሰፋል። ጠረጴዛው ቢያንስ በሁለት ንብርብር ወፍራም ኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ይሁን። ፕሬሱ ጠረጴዛውን ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን፣ ከሥሩም በሰፊ የብረት ሳህን ይታሰር። ጫናው ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ቀለሁ ከዳዩ ሲወጣ ፕሬሱ ወደ ላይም ይጎተታል። ብዙ ሰው ፕሬሱ የታጠፈበት የሚመስለው ጠረጴዛው ስለሚታጠፍ ነው።

እንክብካቤውም ቀላል ነው። ዘንጉን በጨርቅ መጥረግ፣ ቀጭን ዘይት ጥቂት መቀባት፣ ወፍራም ግሪስ ግን አለመለደፍ፤ ግሪስ ብናኝ ይሰበስባል። ዳዩን ከልክ በላይ ዝቅ አድርጎ እጀታውን በኃይል ማሳለፍም ፒኖቹን ያደክማል። የዚህ ሁሉ ቁንጮ የሆነው ዘዴ ደግሞ መለኮሻ ማስወጣትን ከዋናው ፕሬስ ማራቅ ነው። መለኮሻ ብቻ የሚገፋ ዳይ በአንድ ርካሽ የአሉሚኒየም ፕሬስ ላይ ተክሎ ቆሻሻውን ሥራ እዚያ ጨርሶ፣ ቀለሁን አጥቦ ወደ ዋናው ፕሬስ ማምጣት። ሮክ ቸከር ላለው ሰው ይህ ዘዴ ከማናቸውም ማሻሻያ ይበልጣል። ብናኙ እርሳስ ያለበት ስለሆነ ለሰውም ይበጃል፤ በሥራ ጊዜ አለመብላት፣ ሲያበቁ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ምንጣፍ ያለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አለመሥራት ያስፈልጋል።

ሕጉን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ የሚተኮስ ጥይት በቤት መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሞሉትን ለመሸጥ ግን የጥይት አምራችነት ፈቃድ ግድ ነው። የእሳት መከላከያ ደንቦቹ በመኖሪያ ቤት የሚቀመጠውን ጭስ አልባ ባሩድ በፋብሪካው ዕቃ ውስጥ እንዳለ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ፣ ፕራይመር ደግሞ 10,000 ፍሬ ላይ ይወስኑታል፤ ግዛቶችና ከተሞች ከዚህ ሊያጠብቁ ስለሚችሉ የምትኖሩበትን አካባቢ ደንብ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ጥይት መሙላት በቤት የሚሠራ የግል ሥራ አይደለም። ስለዚህ በዲያስፖራ ያለ ወገን ፕሬሱንም ሆነ መለኮሻውን ለዘመድ ስጦታ ብሎ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት አደራ እላለሁ።

ፍርዴን ልስጥ። በቤቱ የጠመንጃ ጥይት ለራሱ የሚሞላ፣ አንዴ ገዝቶ ዳግመኛ ላለመግዛት የሚፈልግ ሰው የሊን ክላሲክ ካስት ይግዛ። አጨራረስ የሚወድ ሰው ቢግ ቦስ 2ን፣ ለዒላማ የሚወዳደርና ኪሱ የፈቀደለት ኮ አክስን ይምረጥ። ሮክ ቸከር ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ በደህና ዋጋ ያገኘ ደግሞ አይለውጠው፤ መለኮሻ ማስወጫ የሚሆን ሌላ ትንሽ ፕሬስ ከጎኑ ያስቀምጥለት።